የአውሮፓን ታሪክ የት ልማር? ከቋንቋ የሚጀምር ንጽጽር

ሮም ስትገቡ ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ተርሚኒ ጣቢያ ነው። ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ስትወጡ አውቶቡስ የሚርመሰመስበት ሰፊ አደባባይ ታገኛላችሁ። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ትንሽ አለፍ ብሎ የመታሰቢያ ሐውልታቸው ቆሟል። የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፎበታል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ቦሎኛ ነበር የተማርኩት። ለፓስፖርት እድሳትና ለወረቀት ጉዳይ ሮም እመላለስ ነበር። እዚያ አደባባይ ላይ ስንት ጊዜ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ። ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነው፤ ግን የታሪክ ተማሪ ሆኜ የቆምኩበትን ቦታ አላወቅኩትም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትምህርቴ በእንግሊዝኛ ስለነበር ጣሊያንኛውን «ቀስ እያልኩ እይዘዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ያ የመጀመሪያ ዓመቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የአውሮፓን ታሪክና ባህል ውጭ ሄደው መማር የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ነው። ቀጥሎ «ስኮላርሺፑስ?» ይመጣል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር መልሼ እጠይቃለሁ፦ የትኛውን ቋንቋ ለመማር ቆርጣችኋል?

እስቲ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባ መጥቶ «የጎንደርን ዘመን ላጠና ነው፤ አማርኛም ግዕዝም ግን አልችልም፣ ለመማርም አላሰብኩም» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ይመለሳል እንጂ ብራና አይገልጥም፣ ደብተራ አያናግርም። እኛም አውሮፓ ሄደን እንደዚያው እንዳንሆን ነው የምለው። ስለዚህ ከዚህ በታች አገሮቹን ሳነጻጽር ዋናው መለኪያዬ ቋንቋው ነው። ገንዘቡንና ፈተናውንም አብሬ አነሳለሁ፤ እንደምታዩት ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ጣሊያን

ከጣሊያን የምጀምረው ስለማውቀው ብቻ አይደለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ጣሊያንኛ ከባዶ አይጀመርም። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ማኪያቶ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፤ አንድም ቀን ክፍል ሳትገቡ ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ። ካዛንቺስ ራሱ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው ድርጅት ስም የመጣ ነው። ከእኛም ወደ እነሱ የሄደ ቃል አለ። ጣሊያኖች የተዘበራረቀ፣ መላ ቅጡ የጠፋ ነገር ሲያዩ «አምባራዳን» ይላሉ። ቃሉ የመጣው በ1936 ጦርነት ከተካሄደበት ከእኛው አምባ አራዶም ነው። ያ ጦርነት በእኛ በኩል የብዙ ሺህ ሰው እልቂት ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ስለ ጠረጴዛዋ መዝረክረክ ስታወራ ቃሉን ስትጠቀም ሰማኋት። ከየት እንደመጣ ስነግራት ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የሴሚናር ጽሑፋችንን በዚሁ ርዕስ ላይ ሠራን።

ጣሊያን ውስጥ የአውሮፓ ታሪክና የእኛ ታሪክ እንዲህ ተጠላልፎ ነው የሚገኘው። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የግዕዝ አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ የታተመው በዚያ ይኖሩ በነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ድካም ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ሮም ፖርታ ካፔና ቆሞ ኖሮ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ናፖሊ የሚገኘው ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አማርኛ ያስተምራል። የአውሮፓን ቅኝ አገዛዝ ማጥናት ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

ቦሎኛስ? ዩኒቨርሲቲው ልደቱን የሚቆጥረው ከ1088 ነው። ከተማዋ በረንዳ በበረንዳ ናት። በአሮጌው ከተማ ብቻ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ባለ ቅስት የእግረኛ መንገድ አለ፤ ዝናብ ቢጥልም ጃንጥላ ሳትይዙ ክፍል ትደርሳላችሁ። እኔን ያስተማሩኝ ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው። ፒያሳ ኔቱኖ ጥግ አንድ ግድግዳ አለ፤ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሲዋጉ የሞቱ አርበኞች ፎቶ ተደርድሮበታል። ወደ 2,000 የሚጠጋ ትናንሽ ፎቶ ነው። ከመካከላቸው ገና ልጆች አሉበት፤ ሴቶች አሉበት። ባቡር ጣቢያው ላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ሰዓት ሁሌም 10:25ን ያሳያል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኦገስት 2 ቀን 1980 ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው የሞተበት ደቂቃ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የሟቾቹ ስም ከነዕድሜያቸው ተጽፏል። አሁን ባቡር የምጠብቀው እዚያ ነው፤ ስሞቹን ሳላነብ አልሄድም።

ስለ ፈተናው ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ጣሊያን ውስጥ የታሪክ ፈተና በአብዛኛው የቃል ነው። ፕሮፌሰሩ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። ሌሎች ተማሪዎች ከኋላ ሆነው ያዳምጣሉ። «ስለ ትሬንት ጉባኤ ንገረኝ» ይባላል፤ ትናገራላችሁ። እኛ ከሚድና ፋይናል፣ ከምርጫና ከእውነት ሐሰት ጥያቄ ነው የመጣነው። የመጀመሪያ ፈተናዬ ላይ ጉሮሮዬ ደርቆ ውኃ ለመንኩ። የዳንኩት የአባቴ ወንድም የነገሩኝን አስታውሼ ነው። እሳቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። «ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ወረቀት አይፈልግም፤ ነገሩን በሆዱ ይዞ ይቆማል» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እየተመላለስኩ ጮክ ብዬ ማጥናት ጀመርኩ። ውጤቱ ከ30 ነው የሚሰጠው፣ ማለፊያው 18 ነው። ካልወደዳችሁት አብዛኛውን ጊዜ አልቀበልም ብላችሁ ሌላ ቀን ትፈተናላችሁ። ይህን ሳውቅ እንደገና ነፍስ ዘራሁ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያው የሚወሰነው በቤተሰብ ገቢ ነው። የእኛ አገር ገቢ በዩሮ ሲሰላ ትንሽ ስለሚሆን ክፍያውም ዝቅ ይላል። ከዚህ ሌላ የየክልሉ የተማሪ ድጎማ አለ፤ ገንዘብ፣ የካፍቴሪያ ምግብ፣ ዕድል ከቀናም ዶርም ይሰጣል። የሚመዘነው በገቢ ስለሆነ ለእኛ ሰፊ በር ነው። ግን ልብ በሉ፤ የድጎማው የመጀመሪያ ክፍያ እጃችሁ የሚገባው ከደረሳችሁ ወራት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚያቆያችሁ ገንዘብ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ትቸገራላችሁ።

ቤት ማግኘት ደግሞ የቦሎኛ ትልቁ ፈተና ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ፎቶ አይቼ ለአንድ አከራይ ነኝ ባይ ቀብድ ላክሁ። ስደርስ በተባለው ቁጥር ላይ የነበረው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሦስት ሳምንት የአንድ ያገሬ ልጅ ሶፋ ላይ አደርኩ። ስለዚህ ቤቱን በዓይኑ የሚያይላችሁ ሰው ሳታገኙ አንድ ዩሮ አትላኩ።

ጀርመን

በጀርመን ለአንድ ሴሚስተር በርሊን ቆይቻለሁ። የማልረሳው አንድ ቀን አለ። ወደ ዳቦ ቤት ስሄድ አንዲት አሮጊት የእግረኛ መንገዱ ላይ ተንበርክከው በጨርቅ መሬቱን ይወለውላሉ። ምን ጠፋባቸው ብዬ ጠጋ አልኩ። አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነች የነሐስ ድንጋይ ናት። «እዚህ ይኖር የነበረ» ይላል ጽሑፉ፤ ቀጥሎ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተጋዘበት ቀን፣ የተገደለበት ቦታ። ናዚዎች ለገደሏቸው ሰዎች በየኖሩበት ደጃፍ የምትቀበር ድንጋይ ናት። ጉንተር ዴምኒግ የተባለ አርቲስት በ1990ዎቹ የጀመረው ሥራ ነው፤ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች አለ። ለማንበብ አንገት መድፋት ግድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ በስድስት ወር ጀርመንኛ ይነበባል።

የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ማጥናት የምትፈልጉ ከሆነ ከበርሊን የሚበልጥ የለም። ሁለት ዓለም ጦርነት፣ ናዚዝም፣ የከተማይቱ መከፈል፣ ግንቡ፤ ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። በ1884 እና 1885 የአውሮፓ መንግሥታት በአፍሪካ ጉዳይ የመከሩበት ቪልሄልምሽትራሰ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። ወደ ኋላ ርቆ መሄድ ለሚሻ ደግሞ ጎታ አለች። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን በ1652 ጎታ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ አገራቸው ታሪክና ቋንቋ ሠርተዋል። ሉዶልፍ ከዚያ ተነስቶ የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ። በ1698ም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው።

ጀርመንኛው ግን ከጣሊያንኛ ይከብዳል። ይህን አልሸፍንም። የታሪክ ማስተርስ በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው የሚሰጠው። በርሊን የሁለቱ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የዓለም ታሪክ ማስተርስ በእንግሊዝኛ አለ፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ገብታችሁ አንድ ዓመት ተኩል ብትማሩ ግን የሚከፈትላችሁ በር በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ፈተናውም ሌላ ነው። እዚያ ዋናው ነገር የሴሚናር ጽሑፍ ነው። 15፣ 20 ገጽ ትጽፋላችሁ። የግርጌ ማስታወሻ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቢጎድል ይመለስላችኋል። አፍ ለሚፈታ ልጅ ጣሊያን፣ ብዕር ለሚቀናው ጀርመን እላለሁ። ውጤቱን ስታዩ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። እኛ ጋ 4.0 ያመጣ ሰቃይ ነው። ጀርመን ምርጡ 1.0 ነው፤ 4.0 ማለት ለጥቂት አለፍክ ማለት ነው። ወደ አገር ቤት ስትመለሱ ለቀጣሪ ማስረዳት ይኖርባችኋል።

ገንዘብ ላይ ሁለቱ አገሮች ይገለባበጣሉ። ጀርመን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የለም፤ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ትከፍላላችሁ። ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ አገር ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ችግሩ ከመሄዳችሁ በፊት ነው። ለቪዛ በዝግ ሂሳብ የአንድ ዓመት መኖሪያ አስቀምጡ ይባላል። በ2024 መጨረሻ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነበር፤ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጣችኋል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ ወይም ያለ ዋስ ዘመድ ጀርመን ከባድ ነው። ከገባችሁ በኋላ ግን ይቀላል። በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀዳል፤ ሥራም አይጠፋም። ጣሊያን መግቢያው ሰፊ፣ የተማሪ ሥራው ጠባብ ነው። ጀርመን መግቢያው ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው።

ቪየና፣ ቡዳፔስት፣ ፕራግ

ብዙ ሰው ይህን መሐል አውሮፓ ይዘለዋል። ተሳስቷል። የኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት አንድ ደርዘን ያህል ሕዝቦችና ቋንቋዎች በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር የኖሩበት ነው። እንዴት አብረው ኖሩ፣ እንዴትስ በ1918 ተበተኑ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ወሬ አይደለም። እኔ የዚህን ግዛት ታሪክ ሳነብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

የቪየና ዩኒቨርሲቲ በ1365 ነው የተመሠረተው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው በሴሚስተር 726.72 ዩሮ ነው። ከድሃ አገሮች ለሚመጡ ነጻ የሚደረግበት አሠራርም ስላለ ስታመለክቱ ጠይቁ። ጀርመንኛ የተማረ ሰው እዚህም ይጠቀምበታል፤ አንድ ቋንቋ ሁለት አገር ይከፍታል። በእንግሊዝኛ ብቻ መማር ለሚፈልግ ደግሞ ከቡዳፔስት ወደ ቪየና የተዛወረው ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ ጠንካራ የታሪክ ክፍል አለው። የግል ስለሆነ ያለ ስኮላርሺፕ አይሞከርም። ቪየና ከሄዳችሁ ቤተ መንግሥቶቹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ካርል ማርክስ ሆፍን እዩ፤ በ1930 የተመረቀ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሠራተኞች መኖሪያ ነው። 1,382 ቤቶች ነበሩት። ኮንዶሚኒየም ያደገ ሰው ግቢውን ሲያይ ብዙ ነገር ይገባዋል።

ቡዳፔስት ገንዘቡ የሚስብ ነው። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የተባለው የመንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያ፣ ዶርምና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ኢትዮጵያውያንም ይወዳደሩበታል፤ የወጡበት ብዙ ናቸው። የኪስ ገንዘቡ ግን ብቻውን አያኖርም። ቋንቋው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ከአንዱም ጋር አይገናኝም፤ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ቡዳፔስትን የምመክረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ወይም በእንግሊዝኛ አጠቃላይ የአውሮፓ ባህል ለሚማር ነው። የ1956ቱን አመፅ በጥልቀት አጠናለሁ ካላችሁ ሃንጋሪኛው አይቀርም።

የፕራግን ነገር በአጭሩ። ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ከ1348 ጀምሮ አለ። ቼክኛ ተምሮ በቼክኛ ለሚማር ሰው፣ ዜግነቱ የትም ይሁን፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ነጻ ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ትከፍላላችሁ። ቋንቋ ገንዘብ ነው ስል ለዚህ ነው።

ፈረንሳይና እንግሊዝ

ፈረንሳይን አጭር ማድረጌ ደካማ ስለሆነች አይደለም፤ አልኖርኩባትም። ሊሴ ገብረ ማርያም ወይም አሊያንስ ፈረንሳይኛ የተማራችሁ ልጆች ግን ሌላ ቦታ አትዙሩ። ቋንቋው እጃችሁ ላይ ነው። ከ2019 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያው ከፍ ብሏል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቅናሽ ያደርጋሉ። ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአባዲ ስብስብ የሚባሉት የግዕዝ ብራናዎች አሉ። ፈረንሳይኛና ግዕዝ የያዘ ልጅ ትልቅ ሥራ ይጠብቀዋል።

እንግሊዝ አንድ ዓመት ማስተርስ ነው። ጊዜው አጭር፣ ዋጋው እሳት ነው። ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ ሲጨርሱ ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ አለው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የብሪታንያን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰነድ ይነበባል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ልዑል ዓለማየሁ ዊንዘር ተቀብሯል። ለዚህ ርዕስ እንግሊዝን የሚተካ የለም። የጀርመንን ወይም የጣሊያንን ታሪክ ለማጥናት ግን ለንደን መሄድ ጎንደርን ከናይሮቢ ማጥናት ነው።

ኤራስመስ ሙንዱስ፤ ሁሉንም መቅመስ

በገንዘብ ከሆነ ይህን የሚያህል የለም። ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ የትምህርት ክፍያም የለም። ከባህልና ታሪክ ጋር የሚሄደው ዩሮካልቸር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ግሮኒንገን፣ ጎቲንገን፣ ኡፕሳላ፣ ክራኮው፣ ኡዲኔ እና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ይሰጡታል። ቢያንስ ሁለት አገር ትማራላችሁ።

ይህን ፕሮግራም የጨረሰች ጓደኛ አለችኝ። በሁለት ዓመት ሦስት ከተማ ኖራለች። አሁን ሥራዋ የባህል ፕሮጀክቶችን ማስተባበር ነው፤ እሷ በዚያ ደስተኛ ናት። ነገር ግን «የትኛው ቋንቋ ገባሽ?» ስላት «በሁሉም ዳቦ መግዛት እችላለሁ» አለችኝ። እያንዳንዱ ከተማ ሲለመድ ሻንጣ ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃድ እንደገና፣ ቤት ፍለጋ እንደገና ነው። በባህል ፖሊሲ፣ በሙዚየም፣ በዓለም አቀፍ ድርጅት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ዓይኔን ሳላሽ ይህን እመክራለሁ። ቤተ መዛግብት ገብቶ የታሪክ ተመራማሪ መሆን ለሚፈልግ ግን አንድ አገር ሁለት ዓመት ይሻለዋል።

አሜሪካ ያደጋችሁና ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የምትሄዱ ልጆች፣ ለእናንተ ሂሳቡ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ክሬዲቱን እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጡ። ከዚያ አሜሪካውያን ብቻ ከሚማሩበት ማዕከል ይልቅ በቀጥታ የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የሚያስገባውን ምረጡ። ሮም ተርሚኒ አካባቢ እንጀራ ቤት ስለማይጠፋ የእማዬን ወጥ ስትናፍቁ የሚያስጠጋ ታገኛላችሁ።

ወረቀቱ

የቱንም አገር ብትመርጡ ከዚህ አታመልጡም። ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ልጆች የኮስት ሼሪንጉን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ክሊራንስ ትጠየቃላችሁ። እኔ ይህን ለመጨረሻው ወር አስቀምጬ አንድ ዓመት ሙሉ ሊያመልጠኝ ነበር። ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ፋይልህ አልተገኘም» የተባልኩት የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ፋይሉ የተገኘው በሌላ ዲፓርትመንት መደርደሪያ ነው። ሰነዶቻችሁን ተርጉሙ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስመስክሩ፣ ስካን አድርጋችሁ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። ስማችሁ በፓስፖርትና በትራንስክሪፕት ላይ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ እዩ። ጣሊያን ለመሄድ ዲግሪያችሁ ከእነሱ ጋር መመጣጠኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል።

ኤራስመስ ሙንዱስ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚያመለክቱት። ሌሎቹ እንደ ዩኒቨርሲቲው ከአውሮፓ ክረምት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይዘረጋሉ። የኤምባሲ ቀጠሮው ረጅም ስለሆነ የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰ ቀን ቀጠሮ ያዙ።

እንግዲህ የቱን?

ቅኝ አገዛዝን፣ ፋሺዝምን፣ የሮምን ቤተ ክርስቲያን ወይም የመካከለኛውን ዘመን ለሚያጠና፣ ገንዘብም ለሌለው ልጅ፣ ጣሊያን። ለ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለናዚዝምና ለኮሙኒዝም፣ ቋንቋ ለመማር ትዕግሥት ላለውና የመነሻ ገንዘብ ለሚያገኝ ጀርመን። ብዙ ብሔር በአንድ ግዛት የኖረበትን ታሪክ ለሚወድ ቪየና። ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ፈረንሳይ። ከታሪክ ይልቅ ባህልና ሥራ ለሚያስብ ዩሮካልቸር።

አሁንም ካልቆረጠላችሁ ይህን ሞክሩ። ከሁለቱ የምትወላውሉባቸው ቋንቋዎች ለእያንዳንዱ አንድ ወር ስጡ። አዲስ አበባ ያሉት የባህል ተቋማት አጭር ኮርስ አላቸው፤ ስልክም ላይ ነጻ መለማመጃ ሞልቷል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በየሳምንቱ መጨረሻ በቋንቋው የተጻፈ አንድ አጭር ዜና ወስዳችሁ በመዝገበ ቃላት ፍቱት። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ደብተሮቻችሁን ጎን ለጎን ዘርጉ። አንደኛው ላይ በግዴታ የተጻፈ ጥቂት ገጽ ታገኛላችሁ። ሌላኛው ላይ ማንም ሳያዛችሁ በኅዳጉ ላይ የጫራችኋቸው ቃላት ይኖራሉ። ማመልከቻችሁን ወደዚያኛው አገር ላኩ።